ጋቢ የማያስፈልግበት ቦታ

ለዚህ ትዝታ ያሉኝ ምንጮች ሁለት ብቻ ናቸው፤ የራሴ አእምሮና ዛሬ እንደኔው ካናዳ፣ ኮክረን በምትባል ከተማ የሚኖረው የያኔ የእስር ጓደኛዬ። በክፍላችን ወረቀትም እርሳስም አልነበረም። ዕድሜዬን ታሪክ በማስተማር ስላሳለፍኩ፣ ሁለት ምስክሮች ሲስማሙ እንኳ አንዱ ከሌላው ሰምቶ ሊሆን እንደሚችል አውቃለሁ። ከዚህም በላይ ይህን የምጽፈው የሕክምና ምርመራ እየጠበቅሁ፣ ፈርቼ ነው። የፈራ ሰው ከትዝታው የሚያነሣው የሚያስፈራውን ነውና አንባቢ ቃሌን በጥንቃቄ ይያዘው።

በደርግ ዘመን የታሰርኩበት ክፍል ቀድሞ የዱቄት መጋዘን ነበር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ የሻገተ ዱቄት፣ ላብና ሽንት። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የታጠፈ ጉልበት አየሁ። ጥግ ላይ የሽንት ባሊ ነበር፤ ከባሊው አጠገብ ደግሞ ጋቢ የለበሱ አንድ አዛውንት ተቀምጠዋል። ያ ቦታ ለአዲስ ገቢ የሚተው መስሎኝ ነበርና ለምን እርሳቸው እንደያዙት አጠገቤ የነበረውን ወጣት ጠየቅሁት። በኋላ ጓደኛዬ የሆነው እርሱ ነው።

«ጋሼ ራሳቸው መርጠውት ነው» አለኝ። «ከባሊው ጋር ጉዳይ አላቸው።»

ጉዳዩን ያኔ የሽንት ማጥ እንለው ነበር። የፕሮስቴት ዕጢ ሕመም ሳይሆን እንዳልቀረ የምገምተው አሁን ነው፤ ሐኪም አላያቸውም። ወደ ሽንት ቤት በቡድን እየተነዳን ስንወጣ ዘበኛው በሩን ይደበድባል። ጋሼ በችኮላ እሺ የማይል ፊኛቸውን እንደያዙ ይመለሳሉ። ስለዚህ ክፍሉ አንድ ልማድ አበጀ። ጋሼ ወደ ባሊው ሲቆሙ ሁለት ሰዎች ጋቢያቸውን እንደ መጋረጃ ይዘረጋሉ፤ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ሌሎቻችን ጠብታው እንዳይሰማ ድምፃችንን ከፍ አድርገን እናወራለን።

«ጋሼ፣ ዝናቡ ዛሬም ዘገየሳ?» ይላል ጓደኛዬ።

«ደመናውስ አለ ልጄ» ይላሉ ከጋቢው ጀርባ። «የጠፋው ፈቃዱ ነው።»

ከሰዓት በኋላ ስም ይጠራ ነበር። እኛም ምልክት ማንበብ ተማርን። ዘበኛው «ጋቢህን ያዝ» ካለ፣ የተጠራው ሰው የሚያድርበት ቦታ አለው ማለት ነው። «ተወው» ካለ ግን ሁላችንም መሬት መሬት እናያለን። ጋቢ የማያስፈልግበት ቦታ የት እንደሆነ ጮክ ብሎ የተናገረ አልነበረም። የምልክቱን ትክክለኛነትም ማረጋገጥ አይቻልም ነበር፤ ከተጠሩት ተመልሶ የነገረን የለም።

አንድ ቀን የጋሼ ስም ተጠራ፤ ዘበኛው ስለ ጋቢው ምን እንዳለ አላስታውስም። ቀስ ብለው ተነሡ።

«ልጄ፣ ሽንቴን ልሽና» አሉት ዘበኛውን።

«እዚያ ትሸናለህ።»

«እዚያ ማን ይጋርደኛል?»

ዘበኛው ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ፤ ሆኖም አልከለከለም። ጋሼ ጋቢያቸውን አውልቀው አንዱን ጫፍ ለእኔ፣ ሌላውን ለጓደኛዬ ሰጡን። ዘረጋነው። እንደ ልማዳችን ማውራት ነበረብን፤ የጀመረ ግን አልነበረም። በዚያ ዝምታ ውስጥ ጠብታው ባሊውን ሲመታ ሰማን፤ ቆመ፣ ጠበቅን፣ እንደገና ጀመረ። ሳይጨርሱ ዘበኛው ይጎትታቸው ይሆን ብዬ ጋቢውን ከፍ አድርጌ ያዝኩ። ዘበኛውም ፊቱን ወደ በሩ ያዞረ ይመስለኛል፤ ምናልባት ይህን የጨመረው ምኞቴ ነው። ጋሼ ሲጨርሱ ከመጠጥ ውኃችን ጥቂት ወስደው እጃቸውን ታጠቡ፤ የኮታቸውን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፉ። «እግዜር ይስጥልኝ» ብለውን ወጡ። ዳግመኛ አላየናቸውም።

በቅርቡ እዚህ ካልጋሪ ካንሰር ከተገኘበት ከፕሮስቴት ዕጢዬ ናሙና ተወስዶ ፕሮቲኖቹ በቀለም ተለይተው ተመረመሩ። ሐኪሙ ታግሦ አስረዳኝ። ከፕሮቲኖቹ አንዱ ሕዋሱ በምን ፍጥነት እንደሚከፋፈል ይጠቁማል። ሌላው ዕድገትን የሚገታ ጠባቂ ነው፤ እርሱ ከጠፋ በሽታው የመሰራጨት ዕድሉ ከፍ ሊል ይችላል። ከናሙናዬ በከፊሉ ውስጥ ጠባቂው አልተገኘም። መሰራጨት አለመሰራጨቱን የሚያሳይ የሰውነት ስካን አዘዘልኝ። ከዚያ ሊመረምረኝ ሲል ነርሷ መጋረጃውን ሳበችና ፊቷን አዞረች። ጋሼ ትዝ ያሉኝ ያን ጊዜ ነው።

ወደ ሰፈራችን ወደ አቢዴል ስንመለስ መኪናውን የምትነዳው ልጄ ዞር ብላ አየችኝ።

«አባባ፣ ዶክተሩ እኮ ሪስክ ነው ያለው፤ ተሰራጭቷል አላለም። ስካኑ እስኪደረግ ፓኒክ አያድርጉ።»

«ጠባቂው ጠፍቷል አላለም?»

«ከፊሉ ላይ ብቻ። ደግሞ ምልክት ነው እንጂ ሪዛልት አይደለም።»

ትክክል ናት። እኔ ግን ምልክት እያነበብኩ የኖርኩበትን ክፍል አውቀዋለሁ። ቤት እንደገባሁ ኮክረን ደወልኩና ጓደኛዬን አንድ ነገር ጠየቅሁት፤ ጋሼ የወጡት ጋቢያቸውን ይዘው ነው ወይስ ትተው? በእኔ ትዝታ በሩ ሲዘጋ የጋቢው ጫፍ አሁንም እጄ ውስጥ ነበር።

«ምን ነካህ!» አለኝ። «በእጄ አይደል እንዴ ትከሻቸው ላይ ጣል ያደረግሁላቸው?»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ፕሮፌሰሩ አንተ ነህ፤ እርግጠኝነት ያንተ ሥራ ነው። እኔ የማስታውሰው ትከሻቸውን ነው።»

ስካኑ በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ጋቢዬን ይዤ እንደምሄድ ለልጄ ነገርኳት። «ብላንኬት ይሰጣሉ እኮ አባባ» አለችኝ። ይስጡ፤ እኔ እይዛለሁ። አጥፌ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ አስቀምጬዋለሁ።

ጋሼ የተወሰዱ ማታ ክፍሉ ውስጥ እንደበረደኝ አስታውሳለሁ። ጋቢው እኛ ጋ ቀርቶ ቢሆን አንዳችን በለበስነው ነበር፤ እኔም ጓደኛዬም ለብሰነው አናስታውስም። ይህ ለእርሱ ቃል ያደላል። ወይም ደግሞ ጋቢው እዚያው ጥግ፣ ባሊው አጠገብ አድሮ፣ ሊለብሰው የደፈረ ሰው ሳይኖር ቀርቶ ይሆናል። የትኛው እንደሆነ አላረጋገጥኩም።