በሰጠመው የአባዬ ጀልባ ውስጥ ነዋሪ ገብቷል

ዛሬ ሐይቁ ውስጥ ጠልቄ አንዲት ቆሮሶ ዓሣ ልጆቿን በሙሉ ስትውጥ አየሁ። በድንጋጤ እኔም ውሃ ዋጥኩ።

ያየኋት የአባዬ ጀልባ ውስጥ ነው። ጦርነቱ ወደ ሐይቅ ከተማ ሲቃረብ አባዬ ጀልባው እንዳይወሰድበት ድንጋይ ሞልቶ አሰጠመው። ከዚያ ወዲህ ዓሣ የሚያጠምደው በሰው ጀልባ ነው።

ዛሬ ሊያስወጣው ጎረቤቶቹን ሰበሰበ። ወርጄ ገመዱን የማስረው እኔ ነበርኩ።

(ቲክቶክ ላይ ጠላቂዎች የአየር ሲሊንደር አዝለው ነው የሚወርዱት። እኔ ያለኝ እህቴ ከጂዳ ያመጣችልኝ መነጽርና አንድ ትንፋሽ ነው።)

ጀልባው አረንጓዴ ለብሷል። በድንጋዮቹ መሃል የዓሣ ሰፈር ተመሥርቷል፣ ማሻአላህ!

ገመዱን ሳላስር ወጣሁና "አባዬ፣ እናትየዋ ልጆቿን በላቻቸው!" አልኩ።

አባዬ ሳቀ። "አልበላቻቸውም ልጄ። አንቺን ፈርታ አፏ ውስጥ ደብቃቸው ነው። ስትሄጂላት ትተፋቸዋለች።"

"እንግዲያው ጀልባውን አናውጣው!"

ድምፄ መውጣቱ የገባኝ ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ ነው።

ወንድሜ ሰይድ "ወላሂ፣ ጨው አቀብሉኝ ለማለት የምታፍር ልጅ ዛሬ አዋጅ አወጀች!" ብሎ አሳቀብኝ።

አባዬ አልሳቀም። ያንን ጀልባ ምን ያህል እንደናፈቀው አውቃለሁ። ውሃውን አየና ገመዱን መጠቅለል ጀመረ።

"ልጆቿ እስኪያድጉ ይቆይ። በሰው ጀልባ መቅዘፍ እንደሆን ለምጃለሁ" አለ።

እናንተስ ጠፋ ብላችሁ በተዋችሁት ዕቃ ውስጥ ሌላ ነዋሪ ገብቶ አግኝታችሁ ታውቃላችሁ? ጻፉልኝ፤ የማፍረው ሳወራ እንጂ ሳነብ አይደለም።