ግማሽም ይበቃል

አዴሮ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር ነበሩ። ነቀምቴ ባለው ግቢያቸው አደይ ሲፈካ፣ ቁርጥ ንብ የምትመስል ዝንብ ትመጣለች። እኛ ስንሸሽ እሳቸው፣ "ቆዩ፣ መጀመሪያ እዩዋት!" ይላሉ። ከዚያ ክርክራችን ይጀመራል።

ዝንቧ ወፍ እንዳይበላት ንብ የመሰለችው በብዙ ትውልድ፣ በጥቂት በጥቂቱ ነው ይሉኛል። እኔ ደግሞ መጀመሪያ አንድ ትልቅ ለውጥ ሳይመጣ አይሆንም እላለሁ። ሳይንቲስቶቹም ተከራክረውበታል።

"ግማሽ ንብ ማንን ታታልላለች?" ስላቸው ይስቃሉ።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ወፉ እኮ ቸኩሏል። ከሩቅ ለሚያይ ግማሽም ይበቃል።"

አንድም ቀን እሺ ብያቸው አላውቅም።

ከቀብራቸው በኋላ ገበያ ውስጥ አንድ ሰው ከጀርባው አየሁ። ቁመቱም አረማመዱም የሳቸው አይደለም። እንደሳቸው ግራጫ ባርኔጣ አድርጎ ጃንጥላ በክንዱ አንጠልጥሏል፤ በቃ።

"አዴሮ!" ብዬ ሮጥኩ።

ሰውየው ዞሮ፣ "ማል ታቴ? ምን ሆንሽ?" አለኝ።

ይቅርታ ጠይቄው መንገዴን ቀጠልኩ። እንደረቱኝ ልነግራቸው ወደ ቤታቸው ታጥፌ ነበር። ትዝ ያለኝ የግቢያቸውን በር ካንኳኳሁ በኋላ ነው።