የግርማይ ካማሮ በጥር

ግርማይ ቁም ነገረኛ ሰው ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ቀጥሎ የማወራው ነገር ስለሚያስቅ እሱንም ቀላል ሰው እንዳታደርጉት ብዬ ነው። ሚኒያፖሊስ ውስጥ አሥራ ስድስት ዓመት የአውቶቡስ መካኒክ ሆኖ ሲሠራ አንድ ቀን አርፍዶ አያውቅም። የተወለደው አሥመራ ነው፤ ሙያውን የለመደው እዚያው ጋራዥ፣ አማርኛውን ትምህርት ቤት፣ እንግሊዝኛውን ደግሞ ከመኪና መጽሐፍ ነው። ስለ ሞተር ሲያወራ የሚያቆመው ፈረንጅ የለም፤ ሐኪም ቤት ሲሄድ ግን እኔን ይዞ ነው የሚሄደው። እኔ በሪሁን እባላለሁ፣ ታክሲ እነዳለሁ፣ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። እንዴት ጓደኛሞች እንደሆንን ለራሴም ይገርመኛል።

የዚህ ሰው ፍቅር በፈረንጅ አቆጣጠር የ1970 ሥሪት የሆነች አንዲት ካማሮ መኪና ነበረች። ከሚኒያፖሊስ ወጣ ብሎ ኩን ራፒድስ ውስጥ ከአንድ ጡረታ የወጣ አሜሪካዊ ጓሮ ሲያገኛት ወለሏ በስብሶ፣ ሣር በመቀመጫዋ ሥር በቅሎ ነበር። ሰውየው መኪናዋን ሸጠለት፣ ጋራዡንም አከራየው፤ ግርማይም የስድስት ዓመት ቅዳሜና እሑዱን እዚያ ጨረሰ። የበሰበሰውን ላሜራ እየቆረጠ አዲስ በየደ። ሞተሩን እስከ መጨረሻዋ ብሎን ፈትቶ እንደገና ገጠመው። ማደሱ ብቻ አልበቃውም፤ ካምቢዮውን ባለ አምስት ማርሽ አደረገው፣ በአራቱም ጎማ ዲስክ ፍሬን ገጠመ፣ የመቀመጫ ቀበቶዎቹን ትከሻ በሚይዙ ለወጣቸው። ቀለሟ ጥቁር አረንጓዴ ነው። በሞቃቱ ወራት የድሮ መኪና ወዳጆች ሲሰበሰቡ፣ ፋብሪካው ያልሠራውን ሠራህባት እያሉ የሚወቅሱት አልጠፉም። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ያኔ ያልነበረ ጥሩ ነገር ዛሬ ከተገኘ ለምን ይቀርባታል ይላል።

አንድ ሕግ ነበረው። እዚህ አገር ብርዱ ሲገባ በረዶውን ለማቅለጥ መንገዱ ላይ ጨው ይበትናሉ፤ ጨው ደግሞ መኪናን ከሥር ይበላል። ሦስት ታክሲ ስለበላብኝ በደንብ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ካማሮዋ የመጀመሪያው ጨው ሳይበተን ጋራዥ ትገባለች፣ የሚያዝያ ዝናብ አስፋልቱን ሳያጥብም አትወጣም። እንደ አራስ ነው የሚጠብቃት። አንድ ኅዳር ላይ፣ ሚስት ብታገባ ለእሷም እንዲህ ትሳሳለህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ዕድሜው አርባ ስምንት ነበር፣ ሳያገባ ቀርቶ ነበር፤ ፊቱን አዙሮ መኪናዋን በሸራ መሸፈን ጀመረ። ምላሴን በቆረጠው ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ከዚያ ኣዜብ መጣች። አዲስ አበባ ያደገች፣ አርባን የተጠጋች፣ ሆፕኪንስ በምትባል አጎራባች ከተማ ከሥራ ባልደረባዋ ከጋዲሴ ጋር አፓርትመንት ተጋርታ የምትኖር ሴት ናት፤ ሁለቱም የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ይሠራሉ። መኪናዋ እየጮኸ አላስነዳ ሲላት ሰው ወደ ግርማይ መራት። ጩኸቱን በአንድ ቀን አስተካከለው፤ እሱ ግን ለሳምንት ያህል አንድ ነገር ይቀረዋል እያለ አመላለሳት። ከሁለት ወር በኋላ፣ በ1996 ነሐሴ መሆኑ ነው፣ በካማሮዋ ይዟት ሐይቅ ዳር ሲዞሩ ያላትን ኣዜብ ራሷ ነግራኛለች።

«የሠርግሽ ቀን በዚህች መኪና ነው የምወስድሽ» አላት።

«ሠርጌ? ከማን ጋር?»

«ከእኔ ጋር።»

ግርማይ ከዚህ የተሻለ መናገር አይችልም። እሷም ሌላ አልጠበቀችም፤ በማግስቱ ለእናቷ ስልክ ደወለች። እናቷ የንስሐ አባታቸውንና ሽማግሌዎቹን አማክረው ቀኑን ቆርጠው ላኩ፤ ጥር አሥራ ስምንት። ምን ይደረግ፣ የእኛ ሰው የሚያገባው በጥር ነው። ጥምቀት አልፎ፣ ጾም ሳይገባ፣ ሰማዩ ጠርቶ። ግርማይም ይህን እያየ ነው ያደገው። ግን አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰዎች በሰኔ ሲዳሩ በሚያይበት አገር ኖሮ፣ ሠርግ ሲባል የሚታየው ፀሐይና ደረቅ አስፋልት ሆኖ ነበር። ቃሉን ሲሰጥ ወሩን አላሰበውም። ጥር የሚለውን ሲሰማ ፊቱ እንዴት እንደተለዋወጠ ያየሁት እኔ ነኝ፤ እሷ እንኳን አላየችም።

ንገራት አልኩት። ኣዜብ ክፉ ሴት አይደለችም፣ ስለ ጨው አስረዳት፣ ነጭ ሊሞዚን እንከራይ አልኩት። አይሆንም አለ። የካማሮዋን ፎቶግራፍ ለእናቷ ልካለች፣ ለሥራ ባልደረቦቿ ሁሉ አውርታለች፣ ጋዲሴ ኮፈኑ ላይ የሚታሰረውን ሪባን ገዝታለች፤ አሁን ምን ብዬ አፌን እከፍታለሁ አለኝ። ታዲያ በጭነት መኪና አስጭነን ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ እናውርዳት ስለው፣ ሙሽራ ተጭና አትመጣም ብሎ ተቆጣ። ጥቅምቱንና ኅዳሩን በሙሉ ከመኪናዋ ሥር ተኝቶ ዘይትና ሰም ሲቀባት ከረመ። ከስቶ ነበር። ኣዜብ የሠርግ ሐሳብ ነው ብላ ምግብ ትልክለት ነበር።

ቀኑ ደረሰ። ሌሊቱን በረዶ ጥሎ አድሯል፣ መንገዱ በጨው ነጭ ሆኗል። ወግ ነውና ሙሽራ ከኋላ ይቀመጣል፣ ሌላ ሰው ይነዳል። ግርማይ ግን መሪውን ለማንም አልሰጥም አለ። ስለዚህ ሙሽሪት ከነቬሏ ፊት ተቀመጠች፤ ሚዜዎቹ፣ እኔና ጋዲሴ፣ ጉልበታችን አገጫችንን እየነካ ከኋላ ታጨቅን። ሽማግሌዎቹ ሙሽራው ሾፌር ሆነ እንዴ እያሉ አጉረመረሙ። ቅዳሴው፣ ቃል ኪዳኑ፣ ምርቃቱ ሁሉ በሰላም አለፈ። ወደ አዳራሹ ስንሄድ አሥራ ሁለት መኪና ጥሩምባውን እየነፋ ተከተለን።

ሀይዌይ ላይ ከፊታችን ጨው የሚበትን ትልቅ መኪና ገባ። የጨው ጠጠሩ ካማሮዋን ጠቅ፣ ጠቅ ያደርጋታል። በእያንዳንዷ ጠቅታ የግርማይ መንጋጋ ግጥም ይላል። ከኋላ ሆኜ ይህ ሰውዬ በሠርጉ ቀን ሊታመም ነው ብዬ ፈራሁ። ኣዜብ ለረጅም ጊዜ ስታየው ቆየች። ፊቷ ላይ የነበረው ደስታ ቀስ እያለ ሲጠፋ በመስተዋቱ አየሁት።

«ግርማይ፣ ተጸጸትክ እንዴ?» አለችው። «ገና ሁለት ሰዓት አልሞላንም እኮ።»

እሱ ዓይኑን ከጨው መኪናው ላይ አልነቀለም። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ፤ ይህን ያህል ወር የፈራው ለመኪናዋ ነበር፣ አሁን ግን ሊያጣ የደረሰው ሌላ ነገር ነው። እንዲናገር ወገቡን ጎሸም አደረግሁት።

«በአንቺ አይደለም» አለ በመጨረሻ። «ጨው ነው። መኪናዋን ይበላታል። በበረዶ አውጥቻት አላውቅም።»

ጋዲሴ ሳቋን ለመያዝ ጓንቷን ነከሰች።

«አንድ ቃል ብትነግረኝ እኮ በአውቶቡስም እመጣ ነበር» አለች ኣዜብ።

«አውቃለሁ» አላት። «ለዚህ ነው ያልነገርኩሽ።»

ኣዜብ ወደ መስኮቱ ዞረች። አለቀሰች፣ ሳቀችም፤ የትኛው እንደቀደመ እርግጠኛ አይደለሁም። ከዚያ ሌክ ስትሪት ስንደርስ ቀኝ በኩል ካር ዋሽ የሚሉትን መኪና ማጠቢያ አይታ፣ እዚያ ግባ ብላ አዘዘችው። ገባ። አሥራ ሁለቱም መኪናዎች የፕሮግራሙ አካል መስሏቸው እየነፉ ተከትለውን ገቡ። ሙሽራው ኮቱን አውልቆ በሙቅ ውኃ ከሥር ከሥር ሲያጥብ፣ ሙሽሪት ቀሚሷን ሰብስባ፣ በጋዲሴ ቡትስ ቆማ፣ እዚህ ጋ ቀረህ እያለች ታሳየዋለች። የቪዲዮ ሰውየው ከዚያ ሁሉ ሠርግ በደንብ የቀረጸው ይህንን ነው።

አጥቦ ሲጨርስ፣ ካማሮዋን እዚሁ ትተን ከተከተሉን መኪናዎች በአንዱ እንሂድ፣ አዳራሹ ድረስ መንገዱ ያው ጨው ነው አልኩት። ቁልፉን ለትንሽ ጊዜ እጁ ላይ አገላበጠው። ከዚያ ለኣዜብ በሩን ከፈተላትና እንደገና ጨው ላይ ወጣን። አሁን ጠጠሩ ሲመታት መንጋጋው ግጥም አላለም። አዳራሹ አንድ ሰዓት አርፍደን ደረስን፤ በእኛ ሰው አቆጣጠር በሰዓታችን ማለት ነው።

ካማሮዋ በማግስቱ ጋራዧ ገብታ እስከ ሚያዝያ ተኛች። በሰኔ አንድ እሑድ ኣዜብ ስልክ ደውላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ አነጋገረችኝ። በኋለኛው ጎማ በኩል ፓራፋንጎው ላይ ቀለሙ ተነስቶ፣ የምስር ፍሬ የምታህል ዝገት አየሁ አለችኝ። ያ የሠርጉ ቀን ጠጠር ነው። እኔ ነኝ ያበላሸሁበት፣ ሲያያት ልቡ ይሰበራል፣ አንተ ቀስ ብለህ ንገረው አለች። እንዲህ ያለ ሥራ ሁልጊዜ ለእኔ ነው የሚተርፈው።

ኩን ራፒድስ ሄጄ ዙሪያ ጥምጥም ስናገር ግርማይ መሣሪያውን አስቀምጦ ሰማኝ። ከዚያ እጁን እየጠረገ፣ ዝገቷን ከሚያዝያ ጀምሮ እንደሚያውቃት ነገረኝ። ከሥሯ አጽድቶ እንዳትስፋፋ በሚከላከል ፈሳሽ ዘግቷታል፤ ቀለም ግን አልቀባትም። ለኣዜብ እንዳትነግራት፣ በእኔ ምክንያት ነው ብላ ታዝናለች አለኝ። የላከችኝ እሷ ናት ስለው ያስቀመጠውን መሣሪያ መልሶ አነሳ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ የሞተር ጢስ ነው አለኝ፣ ሞተሩ ግን አልተነሳም ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ በመኪና ወዳጆቹ ስብሰባ ላይ ሦስታችንም ነበርን። አንድ አሜሪካዊ ካማሮዋን ዞሮ ዞሮ አደነቀና ጎማው ጋ ሲደርስ ጎንበስ አለ። ጎበዝ ቀለም ቀቢ አውቃለሁ፣ በአንድ ቀን ያጠፋልሃል አለው። ግርማይ አመሰገነው። ኣዜብ ትከሻ ላይ እጁን ጣል አድርጎ፣ አይ፣ ይህቺ ዝገት የተጋባን ቀን የመጣች ናት፣ አብራን ትቆያለች አለው።