አርባ አንድ «አሜን» እና ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ የተቆፈረው ቦይ

ባለፈው ሐሙስ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ቢሮዬ በር ቆሜ ለዘበኛችን «በል ደውል!» ስለው ፉከራ ነበር የቀረኝ። እውነቴን ነው... ደረቴን ነፍቼ ነበር።

ከሐይቅ ወደ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች አንዲት ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህርት ነኝ። ለመምህራን ወሬ ማድረስ የእኔ ሥራ ነው። ስብሰባው፣ በጀቱ፣ ግንባታው፣ የአደጋ ጊዜ ልምምዱ... ሁሉም በእኔ እጅ ተጽፎ ነው ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ የሚለቀቀው። «አልሰማሁም» የሚባል ሰበብ እኔ ጋ አይሠራም እላለሁ። እል ነበር።

የሐሙሱ ልምምድ ቀላል ነው። ደወሉ ሳያቋርጥ ሲመታ እሳት ተነስቷል ብለን እያንዳንዱ መምህር ክፍሉን አሰልፎ ወደ ሜዳ ያወጣል። ድሮ የምንወጣው በታችኛው በር ነበር። አሁን ግን እዚያ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ፣ ለአዲሶቹ ክፍሎች መሠረት ሊቆፈር ሆነ። ቁፋሮው ረቡዕ ከሰዓት፣ መምህርም ተማሪም ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። ስለዚህ ሐሙስ መውጫችን በላይኛው በር ነው። ይህን ሁሉ ማክሰኞ ቀን አንድም ሳላስቀር ጻፍኩት።

ታዲያ እኛ ወሎዎች መቼም ዝም ብለን ማስታወቂያ አንጽፍም። መጀመሪያ ይመረቃል! እኔም «እንደምን ዋላችሁ፣ ያሰባችሁት ይሙላ፣ ልጅ ይባረክላችሁ፣ ከብታችሁ ይርባ፣ ዝናቡ በወቅቱ ይጣል፣ ክፉ አይንካችሁ...» እያልኩ የስልኩን ፊት ሙሉ ከመረቅሁ በኋላ ነው በጀቱ ውስጥ የገባሁት። ከበጀቱ ቀጥሎ ግንባታው፣ መጨረሻ ላይ ልምምዱ።

መልሱ ወዲያው ጎረፈ። አሜን። አሚን። አሚን ያ ረብ። አሜን፣ ለሁላችንም። ቆጠርኩት... አርባ አንድ! ያሉን መምህራን አርባ አንድ ናቸው። በቃ፣ ያልሰማ የለም ብዬ ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ደወሉ ተመታ። ክፍሎቹ ተከፈቱ። ልጆቹ እየተሳሳቁ፣ እየተጎነታተሉም ቢሆን ተሰልፈው ወጡ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ከዚያ የመጀመሪያው ሰልፍ ወደ ታች ታጠፈ። ሁለተኛውም ተከተለው። ሦስተኛውም...

ፊት የሚመሩት ጋሼ ይማም ናቸው፤ ጡረታቸው የደረሰ የሁለተኛ ክፍል መምህር። ትንንሾቹ ልጆች ታችኛው በር ቀድመው ለመድረስ እሳቸውን አልፈው ሩጫ ጀምረዋል። በቤተ መጻሕፍቱ ጥግ ከታጠፉ በኋላ የሚጠብቃቸው የአዋቂ ሰው ደረት የሚደርስ ቦይ ነው።

«ጋሼ! ጋሼ ይማም! በላይኛው በር!» እያልኩ ቁልቁል ሮጥኩ። ማን ይስማኝ? ደወሉ ድምፄን ዋጠው። ዘበኛውን «ሁሉም ወጥተው እስኪያልቁ እንዳታቆም» ብዬ ያስጠነቀቅሁት ደግሞ እኔው ነኝ። ከሁሉም የነገርኩትን በትክክል የፈጸመው እሱ ብቻ ሆኖ አረፈው።

እንደ እድል ሆኖ ግንበኛው ሰዒድ ቦዩን በገመድ ለማጠር ካስማ እየተከለ ነበር። የሩጫውን ድምፅ ሲሰማ መዶሻውን ጥሎ ጥጉ ላይ እጁን ዘርግቶ ቆመ።

«ቁሙ! ወላሂ አንዲት እግር እንዳትነሳ!»

ሰልፉ ተገጫጭቶ ቆመ። ከፊት የነበረችውን ልጅ ከቦዩ የሚለያት ሁለት እርምጃ ብቻ ነበር። ጋሼ ይማም ደርሰው ክንዷን ያዙ። ጉድጓዱን አዩት። «ያ አላህ...» አሉ።

እኔም ደረስኩ። አላፍርበትም፣ ልጅቷን አቅፌ አለቀስኩ።

ሰዒድ እኔንም አስተማሪዎቹንም አየት አደረገና፣

«እትዬ፣ ለነዚህ ሰዎች አልተነገራቸውም እንዴ?» አለኝ።

«እንዴት አይነገራቸውም! ሁሉም አሜን ብለዋል!»

«ለየቱ ነው አሜን ያሉት?»

ወደ ጋሼ ይማም ዞርኩ። አንገታቸውን ደፉ።

«አልዋሽሽም ልጄ። ምርቃትሽ ደስ አለኝ፣ አሚን አልኩና ዘጋሁት። ዝናቡ ላይ ነው ያቆምኩት።»

አንዷ መምህርት ከብቱ ላይ ነው ያቆመችው። የስፖርት መምህሩ እስከ በጀቱ ደርሶ ነበር፤ «እሱን ሳይ ተስፋ ቆርጬ ተውኩት» አለ። በእነሱ ልናደድ ፈልጌ ነበር... ግን በራሴ ነው የተናደድኩት። ቦዩን ከምርቃት ሥር የቀበርኩት እኔ ነኝ።

ሰዒድ ሳዑዲ ሕንፃ ሲሠራ ኖሮ የተመለሰ ልጅ ነው። «እዚያ አለቃችን ጠዋት ጠዋት የት አደጋ እንዳለ ይነግረናል» አለኝ። «"ገባችሁ?" ብሎ አይለቅም። ያለውን አንድ በአንድ መልሰን እንነግረዋለን። ያልመለሰ ሳይት አይገባም።»

«ነገ ጠዋት መጥተህ አሳየን» አልኩት።

ዓርብ ጠዋት መምህራን ሁላችን አንድ ክፍል ተሰበሰብንና ሰዒድ ሲሚንቶ በነካው ልብሱ ሰሌዳው ፊት ቆመ። መውጫው የት ነው? ቦዩ የት ነው? ልጆቹን ማን ይቆጥራል? አንድ በአንድ እየተነሳን መለስን። ተራው ጋሼ ይማም ጋ ደረሰ። ሰዒድን በልጅነቱ ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው። አፍረው አንድ ነገር አጉረመረሙ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አልሰማሁዎትም። ድምፅዎን ከፍ አድርገው ይድገሙት።»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ጋሼ ይማም ግን ኮታቸውን አስተካክለው ቀጥ ብለው ቆሙ። «በላይኛው በር! ልጆቹን ከመውጣታችን በፊትም፣ ከወጣን በኋላም እኔው ቆጥሬ!»

ሰኞ ደግመን ደወልን። ወደ ታች የታጠፈ አንድም ሰልፍ የለም።

ሰዒድ ትምህርቱን ያቋረጠው ከሰባተኛ ክፍል ነው... እሱ ሳያሳልፈን ግን ያን ዓርብ አንዳችንም ከክፍሉ አልወጣንም።