እህቴ ያጸዳችው ጎርፍ

ሰው ቀልደኛ ብሎ ስለሚያውቀኝ፣ ስናደድ እንኳ ይሳቅብኛል። የቤቴን ኢንሹራንስ ማሳደሻ ደብዳቤ ከፍቼ የጮህኩት ጩኸት ከኦስሎ ጫፍ፣ ከሰፈራችን ከቬስትሊ ተነስቶ፣ የምድር ባቡሩን ሐዲድ ይዞ፣ ከተማው ማዶ ማዮርስቱን ድረስ የተሰማ ይመስለኛል። ባለቤቴ ግን ከጓዳ ሆና ያለችኝ «ደግሞ ዛሬ ምን አገኘህ?» ብቻ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በማዕበል ነው። እዚህ አገር ማዕበል ሲመጣ እንደ ተወለደ ልጅ ስም ይወጣለታል። ቀድሞ በቴሌቪዥን ይተዋወቃል፤ ከየት እንደተነሳ፣ መቼ እንደሚደርስ ይነገርለታል። እኔ ላይ የመጣውን በስሙ አልጠራውም፣ ደስ አይበለው። የባሕሩን ዳርቻ ሲያፈራርስ ከርሞ እኛ ጋ ሲደርስ ነፋሱ ደክሞት ነበር፤ ዝናቡ ግን ገና በጉልበቱ ነበር። ኖኅ ቢያየው መርከቡን ባገኘው ዋጋ ሸጦ ተራራ ለተራራ ይሮጥ ነበር።

እኛ የምንኖረው ባቡሩ መጨረሻው ላይ ደርሶ በሚመለስበት ሰፈር፣ ከዳገቱ ሥር፣ ተያይዘው ከተሠሩት ቤቶች በአንዱ ነው። ውሃው በር አላንኳኳም። የሰፈሩ ቱቦ ሞልቶ፣ በምድር ቤቱ ሻወር ቀዳዳ በኩል ከታች ወደ ላይ ገነፈለ። በኋላ ለሰው ሳወራ እስከ አንገቴ አደርሰዋለሁ፤ እውነቱን ለመናገር እስከ ባቴ ነበር።

ምድር ቤቱ ውስጥ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ናት። ወደዚህ አገር ቀድማ መጥታ፣ መሐል ከተማው ሴንትሩም ያሉ ቢሮዎችን ሰላሳ ዓመት ስታጸዳ ኖራ፣ በዚያ ደመወዝ እኔን አስተምራ ወደዚህ ያመጣችኝ እሷ ናት። ጡረታ ስትወጣ ቤት መግዛት አልቻለችም። እኔ ይህን ቤት የገዛሁት ላይኛውን ፎቅ አይቼ አይደለም፤ የራሱ በር፣ የራሱ ሻወርና አንዲት መስኮት ያለውን ያንን ምድር ቤት አይቼ ነው። «ይህ የአንቺ ነው፣ እስክትጠግቢው ኑሪበት» ብያት ነበር።

ጎርፉ የገባ ቀን ለኢንሹራንሱ ደወልኩ። አንድ ጨዋ ሰው «አትጨነቁ፣ ሐሙስ የጉዳት ገማች ይመጣል» አለኝ። ስህተቴ ይህንን ለእህቴ መንገሬ ነው።

«ማን ነው የሚመጣው?» አለች፣ ቀሚሷን ሰብስባ ውሃው መሐል እንደቆመች።

«የኢንሹራንሱ ሰው። ጉዳቱን ሊያይ።»

«እንግዳ እየመጣ ቤቱ እንዲህ ሆኖ ይጠብቀው?»

«እትዬ፣ እሱ እኮ የሚመጣው ይህንኑ ሊያይ ነው።»

«እሱ የሚያየው እኛን ነው፤ እነዚህ ሰዎች በጭቃ ውስጥ ይኖራሉ ብሎ እንዲሄድ ነው የምትፈልገው? ባልዲ አምጣ።»

እኔም፣ እንደ ሰው አእምሮ አለኝ የምለው ሰውዬ፣ ባልዲ አመጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት አምስት ሴቶች በር ላይ ቆመው ነበር። ሁሉም የቤተ ክርስቲያን ጓደኞቿ፣ ሁሉም የጽዳት ሠራተኞች። የኦስሎን ወለል ግማሹን እነዚህ ሴቶች ወልውለውታል፤ ሌላው ግማሽ ያልተወለወለው ቀን ስላጠረባቸው ነው። ቦቲ ተጫምተዋል፣ ውሃ የሚመጥ ማሽን በመኪና ጭነው አምጥተዋል። እኔ ደረጃው ላይ ቆሜ አንድ ሁለት ቀልድ ስሞክር፣ በዕድሜ የምትበልጠው ቀና ብላ አየችኝና «አንተ፣ ወይ ባልዲ ያዝ፣ ወይ ቀልድህን ይዘህ ውጣ» አለችኝ።

ያዝኩ። ውሃ ጠጥቶ ያበጠውን ፓርኬ ነቀልን። አልጋውን፣ ምንጣፉን፣ የበሰበሰውን ቁም ሣጥን አወጣን። ተጎታች ተከራይቼ ሁሉንም ከተማው ቆሻሻ መጣያ ወስጄ የጣልኩት እኔ ራሴ ነኝ። በረኪናው ዓይናችንን እስኪያቃጥለን ድረስ ግድግዳው ታጠበ። ማድረቂያ ማሽን ሌትና ቀን አጓራ። ረቡዕ ላይ ባዶው ሲሚንቶ ጠላ ቢደፋበት ተልሶ የሚጠጣ ሆኖ ነበር።

ሌላም አለ። በዚህ ከተማ የጽዳት ሠራተኛ ሥራውን ሲጨርስ ፎቶ ያነሳል። ማለዳ አለቃው «አልጸዳም» ብሎ እንዳይከስሰው ማስረጃ ነው። ከማጽዳቱ በፊት ግን ማንም አያነሳም፤ ለቆሻሻ ማን ፎቶ ያነሳል? የእህቴም እጅ የለመደውን አደረገ። እያንዳንዱን ጥግ፣ እያንዳንዱን የግድግዳ ግርጌ፣ ቀዳዳውን ሳይቀር፣ ከጸዳ በኋላ አነሳችው። ኢንሹራንሱ በድረ ገጹ ፎቶ ሲጠይቀኝ ሁሉንም ሰብስቤ በኩራት ላክሁ። ከሥሩም «ጎርፉን ድል ነስተነዋል» ብዬ ጻፍኩበት። በሕይወቴ ብዙ የማይረባ ቀልድ ቀልጃለሁ፤ እንደዚህ የቆጨኝ ግን የለም።

ሐሙስ ገማቹ መጣ። ጫማውን አውልቆ ወረደ። የእርጥበት መለኪያውን ግድግዳው ላይ ለጠፈ፤ መሣሪያው ትንፍሽ አላለም። እህቴ ሥራዋን አለቃ ሲፈትሽ እንደምታደርገው፣ እጆቿን አጣምራ ከኋላው ቆማለች። «በጣም ንጹሕ ነው» አላት። እሱ ከሄደ በኋላ ፊቷ በርቶ «አየህ? ሰውየው ወዶታል» አለችኝ። ልክ ነበረች፣ በጣም ወዶታል።

ከሦስት ሳምንት በኋላ መልሱ መጣ። በቦታው የሚታይ ጉዳት አልተገኘም። ወለሉ ፓርኬ እንደነበረ ማረጋገጫ የለም። ደንበኛው ራሱ በጽሑፍ እንደገለጸው ሁኔታው በቁጥጥር ሥር ውሏል። ካሳ አይከፈልም።

እህቴ ደብዳቤውን ሁለቴ አነበበችው። ከዚያ ቀን በፊት እንደ እንግዳ ሳሎን ሶፋ ላይ ትተኛ ነበር፤ ከዚያ ቀን በኋላ ብርድ ልብሷን ልጆቹ ሳይነሱ አጣጥፋ መደበቅ ጀመረች።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለችኝ።

«ናይ፣ አንቺ አይደለሽም፣ የላክሁት እኔ ነኝ። ለፋሲካ ወለልሽን አስነጥፌ ትወርጃለሽ።»

ለዚህ የሚሆን ጥቂት ጥቂት እያልኩ ማስቀመጥ ጀመርኩ። ያ ያስጮኸኝ የማሳደሻ ደብዳቤ የመጣው ይሄኔ ነው። ክፍያው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው፤ ለወለሉ ያሰብኩትን ጠራርጎ የሚወስድ ነው። ምክንያቱን ሳነብ ደሜ ፈላ፦ አካባቢው ለማዕበልና ለጎርፍ የተጋለጠ ነው፣ በዚህ አድራሻም ከዚህ በፊት ውሃ ገብቷል።

ገብቷል! ክፈሉኝ ስል ያልገባው ውሃ፣ ክፈል ሲሉኝ ገባ። ሌሎች ኩባንያዎች ጋ ደወልኩ፤ አንዱ ከዚህ የባሰ ዋጋ ጠራ፣ ሌላው አድራሻዬን ሲሰማ እንደ ተላላፊ በሽተኛ ሸሸኝ። ያለ ኢንሹራንስ ልኑር እንዳልል ባንኩ የቤቱን ብድር የሰጠኝ በዚያ ግዴታ ነው። ስለዚህ ወደዚያው ኩባንያ ደወልኩ። እህቴም ትስማ ብዬ ስልኩን ድምፁን ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ያነሳው ድምፁ ገና ያልጎረነነ ወጣት ነው፣ ትሕትናው ደግሞ ለጠብ አይመችም።

«ውሃ ገብቷል ወይስ አልገባም?» አልኩት። «አንዱን ምረጥልኝ።»

«ሁለቱም ትክክል ነው። ካሳ የሚከፈለው በታየው ጉዳት ነው። ዋጋው የሚወጣው በጎርፍ ስጋት ካርታው ነው።»

«ታዲያ የረጠበው ካርታው ነው? ለሱ ማድረቂያ ልላክለት?»

እህቴ ክንዴን ነካ አድርጋ በአማርኛ «ልጁ ምን አደረገህ? ቀስ በል» አለችኝ።

«እሱማ ምንም አያደርግም። ማንም ምንም አያደርግም። ማዕበሉ ስም አለው፣ እኔ የደንበኛ ቁጥር አለኝ፣ የወሰነው ሰው ብቻ ነው ስም የሌለው።»

ልጁ አማርኛውን በትዕግሥት ጠብቆ ሲያበቃ «የምረዳችሁ አንድ መንገድ አለ» አለ። «ምድር ቤቱ መኖሪያ ተብሎ ነው የተመዘገበው። ማንም የማይኖርበት ከሆነ ዕቃ ማስቀመጫ እንለዋለን፣ ክፍያውም ይቀንሳል። ሰው ይኖርበታል?»

ልመልስ አፌን ከፈትኩ። ትኖርበታለች፤ እዚህ ያደረሰችኝ እህቴ ትኖርበታለች፤ ዛሬ ሶፋ ላይ ብትተኛም ክፍሉ የሷ ነው ልል ነበር። እሷ ግን ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። ሰላሳ ዓመት ሙሉ ሥራዋን ጨርሳ ለአለቃ ሪፖርት በምታደርግበት በዚያ ጥርት ባለ ኖርዌይኛ መለሰች።

«ናይ። ማንም አይኖርም።»

«እትዬ…»

«ዝም በል» አለችኝ በአማርኛ።

የኮምፒውተሩ ቁልፎች ሲንጫጩ ተሰማ። ልጁ አመሰገናትና የቀነሰውን ነገረን። በወር ሲታሰብ የአንድ ዳቦ ዋጋ አይሞላም። «ሰርዘው፣ ሰው ይኖርበታል» ብዬ ስጮህ እህቴ ስልኩን ዘግታው ነበር።

በሳምንቱ፣ ከአምስቱ ሴቶች ያቺ ባልዲ ያስያዘችኝ ሁለት ፌርማታ አልፎ ካለው ቤቷ አንድ ክፍል ለቀቀችላት። ሻንጣዋን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ዳገቱን ስንወጣ እኔን ለማሳቅ ያልቀለደችው ቀልድ የለም፤ ችሎታው ግን የላትም። ለባዶው ክፍል ኢንሹራንሱን እስከ ዛሬ እከፍላለሁ፣ አንድ ዳቦ ሲቀነስ።