ጥጃው፣ ጭርቱና የባለቤቴ ፀጉር

በሸሕዲ ዙሪያ ሰሊጥ ዘርቶ እኔን የማያውቅ የለም። የትምህርት ቤት ደጅ ሳልረግጥ ፊደል ለየሁ፤ ዐረብኛውን ከነጋዴ፣ የትራክተር ሞተሩን ከራሱ ከሞተሩ ተማርሁ። መካኒክ ተስፋ የቈረጠበትን አስነሥቻለሁ። ከብት የታመመበትም መጀመሪያ የሚመጣው ወደ እኔ ነው።

ባለቤቴ ደግሞ ሹሩባ ሠሪ ነበረች። የሰፈሩ ሙሽራ ሁሉ እሷ ሳትሠራት አትዳርም ነበር።

ክረምት ሲገባ ዝንቡን ፈርተን ጥጃውን እቤት አሳደርነው። ዐይኑ ዙሪያ ክብ ክብ ጭርት ነበረበት። ብዙም ሳይቈይ በባለቤቴ እጅ ላይ ወጣ፤ ከእጇ ወደ ራሷ ተሻገረ። መተማ ዮሐንስ ሱቅ ያለው ወዳጄ ከማዶ ከሱዳን የመጣ ቅባት ሰጠኝ፤ ለእሷም ለጥጃውም አካፈልሁት። ጠፋ፤ ተውነው። ተመለሰ፤ ደግመን ቀባን። ኋላ ቅባቱ ቢቀቡት እንደ ውሃ ሆነ፤ ምንም አልሠራ አለ።

የተቃጠለ የሞተር ዘይት ሞከርሁ፤ ቆዳዋን ላጠው። የኒም ቅጠል በሰሊጥ ዘይት አፍልቼ ቀባኋት፤ ማሳከኩ በረደ እንጂ ጭርቱ አልሄደም። የጤና ጣቢያዋ ነርስ አየቻትና፣

«አባባ፣ በሽታው ቅባቱን ለምዶታል። ጠፋ ስትሉ እያቆማችሁ እናንተው አስለመዳችሁት» አለችኝ።

ጎንደር የሚዋጥ መድኃኒት እንዳለ፣ ሳይቋረጥ ለወራት እንደሚወሰድ፣ ጥጃውም ከቤት መውጣት እንዳለበት ነገረችኝ። እኔን ሰው አስቀምጦ አስተምሮኝ አያውቅም፤ ያን ቀን ግን ያለችኝን ሰማሁ፤ ኪኒኑንም ከጎንደር አስመጣሁ።

ኪኒኑን ጀምራ ሳለ የእኅቷ ልጅ ሠርግ ደረሰ። ሹሩባ ሠሪ የራሷን አትሠራም፤ የሚሠሩላት ባልንጀሮቿ ናቸው። አንዷ እጄን አመመኝ አለች፤ ሌላዋ ልጅ ታሞብኛል አለች። የልብ ወዳጇ ደግሞ ባጥሩ ላይ ሆና፣ «ዘንድሮስ ሻሽ ያምርብሻል» ብላት ሄደች።

ባለቤቴ ገብታ ሚዶውን ጉልበቴ ላይ አኖረችው።

«ሞተር ፈትተው ይገጥሙ የለ? እስቲ ይህን ይግጠሙ።»

ፀጉሯ መሐል መሐሉን ረግፏል። ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች፤ ስታለቅስ የማውቀው በትከሻዋ ነበር።

የተሳካልኝ ይህ ነው፦ ለጥጃው ውጭ በረት ሠራሁ፤ ጠጉሩ ሞላ። ኪኒኑን እስከ መጨረሻው አስዋጥኋት፤ እጇም ራሷም ጠራ፤ የረገፈው ፀጉር ብቻ አልበቀለም። ቅባት ጀምሮ የሚያቋርጥ ጎረቤት ሳገኝ እቈጣለሁ፤ ይሰሙኛል። ጭርቱን ፈርተው የቀሩትን ሙሽሮች ግን ወደ ቤታችን መመለስ አልቻልሁም። ሹሩባውን ያለ አስተማሪ ቻልሁት፤ የረገፈው ቦታ እንዳይታይ ከጎን እያመጣሁ እሸፍንላታለሁ።