ወደ ኋላ የሄደው የከማለዲን ሰዓት

ከማለዲንን «አምፖል ለቃሚ» ያሉት እንኳ ሐጂ ሸረፈዲን ናቸው፤ እሱማ ራሱን የሚጠራው ከዚያም በባሰ ነው። ሐጂ የሾላው በርበሬ ነጋዴ፣ ሊያገባት የጠየቃት የሙሚና አባት፣ «ሬዲዮ ጠጋኝ ልጄን በምን ያኖራታል?» ብለው እንቢ አሉት። ከማለዲን ደግሞ ጠባዩን ታውቂው የለ፤ ሽማግሌ እንደመላክ፣ ሙያዬን ላሳያቸው ብሎ ሰዓት ሊሠራ ተቀመጠ!

አምፖሎቹን የነቀላቸው ከተጣለ የሩሲያ ማሽን ሆድ ነው። እንደኛ ቤት አምፖል እንዳይመስልሽ። ውስጡ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ያለው ቁጥር በሽቦ ተሠርቶ አንዱ ካንዱ ጀርባ ተሰልፏል፤ ኤሌክትሪክ የነካው ብቻ እንደ ፍም ይቀላል። አራቱን ለመደርደር ስንት ወር ጎበጠ። አንዴማ ቅንድቡን አቃጥሎ «ለውበት ነው» አለ። የቀበሌ ጥበቃዎች መስኮቱ ቀልቶ ሲያዩ ለአብዮቱ ያበራ መስሏቸው «በርታ ጓድ!» ብለውት አለፉ። እሱ እቴ፣ እጁን ጨብጦ አንሥቶ «ትቅደም!» አለ።

ረመዳን ሐምሌ ላይ ገባ። ሙሚና አባቷን ለምና ለምና፣ ቀበና ከማለዲን ቤት እንዲያፈጥሩ እሺ አስባለቻቸው። «ሰውየውን ይዩት፤ ካልወደዱት ሁለተኛ ስሙን አላነሳም» አለቻቸው።

ከማለዲን ሰዓቱን የጨረሰው የዚያኑ ለት ነው። አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ከሬዲዮው ጋር አስተካከለና፣ ሞከር እንኳ ሳያደርገው ሳምቡሳ ሊገዛ ሮጠ። ሲመለስ ሐጂን በር ላይ አገኛቸው።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ፀሐይ ትግባ አትግባ ማን ይወቅ? የማፍጠሪያው መግሪብ ለአንድ ሰዓት አስራ ሁለት ጉዳይ ነው። ሰዓቱ 12፡48 ብሎ ቀላ።

«ደረሰ ሐጂ! ቢስሚላህ!»

«አዛን አልሰማሁም።»

«ዝናቡ ነው። ሙአዚኑ እኮ የሚያየው የእጅ ሰዓት ነው፤ ይሄ የኤሌክትሪክ ነው!»

ሐጂ ያነሷትን ተምር በጣታቸው እንደያዙ ወደ መስኮቱ አዩ። ከማለዲን ግን ለሰዓቱ ክብር ሲል ሳምቡሳዋን ባንዴ ጎረሳት። ገና ሲያላምጥ ሰዓቱ 12፡49 አለ። ቀጥሎ 12፡20 አለ።

«ወደ ኋላም ይሄዳል እንዴ?» አሉ ሐጂ።

ያኔ ገባው። ሦስተኛው አምፖል ላይ የአንድን ሽቦ ከአራት፣ የአራትን ከአንድ በይዶታል፤ አስራ ስምንቱ ደቂቃ አርባ ስምንት ሆኖ ወጥቷል። ለመግሪብ ግማሽ ሰዓት ይቀራል፣ አፉ ሙሉ ሥጋ ነው። ቢውጠው ኃጢአት፣ ቢተፋው ውርደት። የሚያስል መስሎ ፊቱን አዞረና ኮፊያውን አውልቆ ውስጡ ቱፍ።

አዛን ሲባል ሐጂ አፈጠሩ፤ ሊሰግዱም ተነሡ። «ኮፊያህስ?» አሉት። ድንግጥ ብሎ አንስቶ ደፋው። አጎንብሶ ሲነሣ፣ አጎንብሶ ሲነሣ፣ የተፈጨው ሥጋ በግንባሩ ወርዶ አፍንጫው ላይ ቁጭ። ሐጂ ሰግደው ሲጨርሱ ሰላም ሊሉ ወደ ቀኝ ዞሩ፤ አዩት። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«አንተ ልጅ፣ የዛሬን ቀን መልሰህ ትጾማለህ። ልጄን ግን ውሰዳት፤ ልታታልላት ብትሞክር እንኳ ግንባርህ ላይ ይወጣብሃል!»

ከማለዲን ደስታው አናቱ ላይ ወጥቶ እጃቸውን ሊስም እመር አለ። ጎንበስ ሲል ኮፊያው ውስጥ የቀረው ሽንኩርት መዳፋቸው ላይ ዱብ።